ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት፦ ተረግጦ ስለሚቀር ፍሪሲዮን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከድሬዳዋ በጠዋት ተነስቼ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት እየወጣሁ ነበር። ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ነው፤ ጭነትም አለ። አንዱ ጥምዝ ላይ ማርሽ ልቀንስ ፍሪሲዮን ረገጥኩ። እግሬን ሳነሳ ፔዳሉ አብሮኝ አልተነሳም። ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። ከስር በጫማዬ ጫፍ እያነሳሁት እንደምንም ሐረር ገባሁ።

የሄድኩበት ጋራዥ መኪናውን ሳያይ "ሸራው አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ" አለኝ፤ ሸራ የሚሉት የፍሪሲዮኑን ዲስክ ነው፣ እሱን ለማየት ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይወርዳል። ወረደ። ሸራው ደህና ነበር። ገንዘቤ ወጣ፣ ሁለት ቀን ባከነ። በሦስተኛው ቀን ፔዳሉ ያው ወለሉ ላይ ተኛ። ኋላ ድሬ ስመለስ አንድ አንጋፋ መካኒክ "አቦ፣ ካምቢዮውን ተወውና መጀመሪያ ፔዳሉ ስር ጎንበስ በል" አለኝ። ጥፋቱ የተገኘው አንዲት የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ነገር ያለአግባብ ገንዘቡን ሲያወጣ ስለማይ ነው ይህን የምጽፈው።

"ፔዳሉ ከቀረ ሸራው አልቋል"

በብዛት የሚሰማው ይህ ነው፤ ብዙ ወጪ የሚያስወጣውም ይኸው ነው። ያለቀ ሸራ ይንሸራተታል። ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይጎትትም። ዳገት ላይ ወዲያው ይታወቃል። ፔዳል ወርዶ መቅረት ሌላ ነገር ነው።

ፔዳሉን ስትረግጡ የላይኛው ፓምፕ ዘይት ይገፋል። ዘይቱ በቱቦ ወርዶ የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል። እሱ ደግሞ ሹካውን፣ ሹካው ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን ኩሽኔታ ይገፋል። እግር ሲነሳ ሁሉም በመጣበት ይመለሳል። ብዙ መኪና ላይ ፔዳሉን የሚያግዝ ሞላ አለ፤ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ካለፈ በኋላ ሞላው ወደ ታች ይጫነዋል። ስለዚህ ከታች የሚመልሰው ግፊት ከሌለ ፔዳሉ እዚያው ይቀራል። ዘይት ሲፈስ፣ አየር ሲገባ ወይም የላይኛው ፓምፕ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው ጎማ) ሲያልቅ የሚሆነው ይህ ነው።

ፍተሻው ከላይ ወደ ታች ነው። በመጀመሪያ ምንጣፉን አንሱት፤ ተጣጥፎ ፔዳሉን የሚይዝበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ ከፔዳሉ ወደ ፓምፑ የምትገባዋ ዘንግ ያለችበትን የጎማ ሽፋን በጣታችሁ ንኩት። ከረጠበ፣ ከስሩ ያለው ቀለምም ከተላጠ፣ የላይኛው ፓምፕ እያፈሰሰ ነው፤ ፍሪሲዮኑም የሚሠራው በፍሬን ዘይት ነው፣ እሱ ደግሞ ቀለም ይበላል። ዘንጓን ከፔዳሉ አላቅቁና ፔዳሉን በእጅ አንቀሳቅሱት። አሁንም ከከበደ ችግሩ ፔዳሉ የሚዞርበት ቡሽ ነው። ማጽዳትና ግሪስ መቀባት ይበቃው ይሆናል። ከዚያ መኪናው ስር ግቡና የታችኛውን ፓምፕ የጎማ ሽፋን ገለጥ አድርጉ። እዚያም ዘይት ካለ ጎሚኒው አልቋል።

ምንም የሚፈስ ከሌለስ? የእኔ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥና ይልቀቅ፣ እናንተ የታችኛውን ፓምፕ ዘንግ እዩ። ዘንጉ ወጥቶ ካልተመለሰ፣ የአየር ማስወጫውን ብሎን በጥንቃቄ ላላ አድርጉት። ያኔ ዘይቱ ወጥቶ ዘንጉ ከተመለሰ፣ መንገዱ ከላይ ተዘግቷል ማለት ነው። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል። በእግር ኃይል ዘይቱን ያሳልፋል፣ ሲመለስ ግን ያንቀዋል። ብሎኑ ላልቶም ዘንጉ ካልተመለሰ ግን የታችኛው ፓምፕ ነክሷል (ተጣብቆ አይንቀሳቀስም)፣ ወይም ጥፋቱ ሹካውና ኩሽኔታው ላይ ነው። ፓምፑን ፈትታችሁ ፒስተኑ በደንብ እንደሚሄድ ካረጋገጣችሁ፣ ካምቢዮ ስለማውረድ ማሰብ ያለባችሁ ያኔ ነው።

"የድሬ ሙቀት ነው፤ ሲመሽ ይለቀዋል"

አየሩ 35 ዲግሪ ቢሞቅ የፍሬን ዘይት አይፈላም። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል። ግን ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሲያረጅ መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ግማሽ እየረገጡ መኪና ማቆም ሲጨመርበት፣ ቱቦውም ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ ካለፈ፣ ዘይቱ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ሲበርድ ይስተካከላል፣ ሰውም ሙቀቱን ይወቅሳል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ ቀኑን አትጠብቁ።

"ዘይት ዘይት ነው፤ የሞተር ዘይትም ይሆናል"

አይሆንም! የሞተር ዘይት ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል፤ ያኔ ፔዳሉ በእርግጥም ይነክሳል። ሁለቱም ፓምፖች ይበላሻሉ። በስህተት ከተጨመረ ፔዳሉን ሳትረግጡ አስወጡት። የዘይት ዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይላል።

"ዘይቱ የጎደለው ሸራው ስላለቀ ነው"

ፍሬን ላይ እውነት ነው፤ የፍሬኑ ሸራ ሲሳሳ ዘይቱ ዝቅ ይላል። ሃይድሮሊክ ፍሪሲዮን ላይ ግን በአብዛኛው ተቃራኒው ነው። ሸራው ሲያልቅ የታችኛው ፓምፕ ፒስተን ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ዘይቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ከአንድ ዕቃ ይቀዳሉ፤ መኪናችሁ እንዲህ ከሆነ አንድ ቀንም አታሳድሩት።

"ፎር ዊል ፍሪሲዮን ይጨርሳል"

ፎር ዊሉ የሚገባው ከካምቢዮ በኋላ ባለው ክፍል ነው፤ ከፔዳሉ ጋር አይገናኝም። እንዲያውም የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በፎር ሎው (በፎር ዊሉ ዝቅተኛ ማርሽ) የሚሄድ ሰው ፍሪሲዮኑን ያድናል፤ ማንሸራተት አይኖርበትም። አስፋልት ላይ ግን አውጡት።

"ደጋግመህ ከረገጥከው ይስተካከላል"

ደጋግሞ መርገጥ አየሩን ለጊዜው ስለሚያምቀው ማርሽ ይገባል። ጋራዥ እስክትደርሱ ይረዳችኋል፤ ጥገና ግን አይደለም። ደንገጎ ላይ ከገጠማችሁ ጥምዙን አልፋችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ዳር ያዙ። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ፣ ከዚያ ዘይቱን እዩ።