አንድ ፕላስቲክ፣ ሦስት ክሪስታል፦ የፖሊፕሮፒሊን አልፋ፣ ቤታና ጋማ

ስለ ፖሊፕሮፒሊን ስታነቡ «አልፋ» እና «ቤታ» የሚሉ ስሞች ያጋጥሟችኋል። የተለያዩ ፕላስቲኮች አይደሉም። ሞለኪውሉ ያው ነው፤ የሚለየው አደራደሩ ነው። ይህ ፖሊሞርፊዝም ይባላል።

የፖሊፕሮፒሊን ሞለኪውል ተመሳሳይ አሃዶች የተቀጣጠሉበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ክሪስታል ሲሠራ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይዞራል፤ በየሦስት አሃዱ አንድ ዙር ይጨርሳል። ጥምዙ በሦስቱም ቅርጾች አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ጥምዞቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ነው።

በብዛት የሚገኘው አልፋ ነው። የሚቀልጠው በ165 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ቤታ ግን በራሱ ብዙም አይፈጠርም። ስለዚህ ክሪስታሉን የሚያስጀምር ነገር ይጨመርበታል፤ ኪናክሪዶን የተባለው ቀይ ቀለም አንዱ ነው። ቤታ ቀድሞ፣ በ150 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። በምላሹ ሲመታ ቶሎ አይሰበርም። ለቧንቧ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ትልቁ ግራ መጋባት ያለው የሙቀት ምርመራ ላይ ነው። ቤታ ቀስ ተብሎ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ከዚያ የተወሰነው ክፍል እዚያው አልፋ ሆኖ እንደገና ይደራጃል። ሙቀቱ ሲጨምር አልፋውም በተራው ይቀልጣል። ናሙናው ሲሞቅ የሚወስደውን ሙቀት በሚያሳየው ግራፍ ላይ ሁለት ጫፍ ይታያል። ይህን አይቶ «ሁለት ፕላስቲክ ተቀላቅሏል» ማለት ስህተት ነው። ናሙናው ከመነሻው አልፋ እንደነበረውም ብቻውን አያረጋግጥም። ቁርጡን ለማወቅ፣ ሳይሞቅ በኤክስሬይ ማየት ይሻላል።

ጋማ በከፍተኛ ግፊት ሥር ይፈጠራል። የሚገርመው፣ በእሱ ውስጥ ሰንሰለቶቹ ትይዩ አይደሉም፤ አንዱ ንብርብር ሌላውን በ80 ዲግሪ ገደማ ያቋርጠዋል።