ከወንዝ ዳር ዓሣ ማጥመድና ከአጋዘን ማማ በጸጥታ መውረድ፦ የፖቶማክ ዳር ልማድ

ፖቶማክ ከዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ተነሥቶ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ቼሳፒክ የባሕር ሰርጥ ውስጥ ይገባል። ሜሪላንድን ከቨርጂኒያ ይለያል፤ ዋሽንግተን ዲሲንም በዳር በኩል ታክኳት ያልፋል። በዚህ ወንዝ ዙሪያ ሁለት የቆዩ ልማዶች አሉ። በጸደይ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ዓሣ ያጠምዳል። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ደግሞ ዛፍ ላይ ወጥቶ አጋዘን ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የሚያደርገው ያው ሰው ነው። ከሁለቱም የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ ሲመጣና ሲሄድ ድምፁን መቆጣጠር።

መጀመሪያ የውሃው ባለቤት ማን ነው? በ1632 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ሜሪላንድን በቻርተር ሲሰጥ ወንዙን እስከ ቨርጂኒያ ዳር ድረስ አብሮ ሰጠ። ስለዚህ ከከተማዋ በላይ ቨርጂኒያ ዳር ላይ የቆመ ሰው መንጠቆውን የሚጥለው ሜሪላንድ ውሃ ውስጥ ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ክፍለ ግዛቶች ለዘመናት ተጨቃጭቀዋል። በ2003 እንኳ ከወንዙ ውሃ በመቅዳት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ለአጥማጁ ግን ነገሩ ቀለል ያለ ነው። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በማይደርስበት የላይኛው ክፍል አንዱ የሌላውን ፈቃድ ይቀበላል። በዲሲ ውሃ ውስጥ ግን ዕድሜው ከ16 እስከ 64 የሆነ ሰው የከተማዋን ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ከዳር ለማጥመድ በጣም የታወቀው ቦታ ከቼን ብሪጅ ድልድይ ሥር እስከ ፍሌቸርስ ኮቭ ያለው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት የሚደርሰው እዚህ አካባቢ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ሊትል ፎልስ የሚባለው ፏፏቴ አለ። ከባሕር የሚመጣው ዓሣ ሽቅብ ዋኝቶ እዚህ ሲደርስ መንገዱ ይጠብበታል፤ ስለዚህ ይከማቻል። በሚያዝያ ድንጋዩ ላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቆማል።

የጸደዩ እንግዳ ሻድ ነው። ሻድ ወንዝ ውስጥ ይወለዳል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንቁላል ለመጣል ይመለሳል። በጉዞው ላይ እምብዛም አይበላም። ሆኖም ፊቱ ብልጭ እያለ የሚያልፍ ትንሽ ነገር ካየ ይነክሳል። አጥማጆቹም ያንን ያውቃሉና ሻድ ዳርት የሚባለውን ባለቀለም ትንሽ መንጠቆ ይጥላሉ። ድሮ ይህ ዓሣ ለጉድ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በወንዙ ዳር ባለው ርስቱ፣ ማውንት ቨርኖን ላይ፣ ትልቅ የዓሣ ሥራ ነበረው። መረቡን የሚጎትቱት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ጥሩ በነበረ ዓመት የሻድ ዘመድ የሆነው ሄሪንግ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይወጣ ነበር። ከዚያ ግድብ፣ ብክለትና ያለልክ ማጥመድ ተደማምረው ሻዱን ጨረሱት። ሜሪላንድ በ1980 የአሜሪካን ሻድ ማጥመድን ዘጋች። ዛሬ ቁጥሩ ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። በዲሲ ውሃ ግን የያዘው ሰው መልሶ ይለቀዋል። እጅን አርጥቦ መያዝና ቶሎ ውሃ ውስጥ መመለስ ይገባል፤ ቅርፊቱ በቀላሉ ይረግፋልና።

ዓመቱን ሙሉ የሚገኘው ብሉ ካትፊሽ ነው። ለስፖርት ተብሎ በ1970ዎቹ ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ። ከዚያ ተባዝቶ የአካባቢውን ዓሣ የሚበላ ወራሪ ሆነ። ስለዚህ መያዙ ይበረታታል። እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች ጣጣ ይመጣል። አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ብዙ ነው። ካትፊሽ ደግሞ እንደ አገራችን አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በኦሪቱ ሕግ የሚሄድ ሰው አይነካውም። ለእሱ የሚሆኑት ቅርፊት ያላቸው እንደ ዋይት ፐርች ያሉት ናቸው።

ካትፊሽ የሚጠበቀው ከታች ነው። ክሩ ላይ እርሳስ ይታሰራል፣ መንጠቆው ላይ የተቆረጠ ዓሣ ይሰካል፣ ዘንጉ ድንጋይ ላይ ይደገፋል። አንዳንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ቃጭል ያንጠለጥላል። ቃጭሉ መጀመሪያ አንድ ሁለቴ ጭል ይላል። በዚህ ጊዜ ዘንጉን ቀድሞ መንጠቅ ጀማሪነት ነው። ጫፉ ቀስ ብሎ ወደ ውሃው እስኪጎብጥና እንደጎበጠ እስኪቆይ ይጠበቃል። ከዚያ ነው የሚነሣው።

ዳር ላይ ስለ ድምፅ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል። ሰው ዓሣ እንዳይሸሽ ብሎ ሲንሾካሾክ ይውላል። የምናወራው ድምፅ ግን አብዛኛው የውሃው ገጽ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ዓሣውን የሚያስበረግገው መሬቱን የሚመታው ነገር ነው። ድንጋይ ላይ የሚጣል ባልዲ፣ የሚረግጥ ከባድ ጫማ፣ የሚንከባለል ጠጠር ሁሉ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባል። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ አየር ላይ ከሚሄደው ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ዓሣ ደግሞ ጎኑ ላይ ንዝረት የሚሰማበት መስመር አለው። ስለዚህ ጨዋታው ይቀጥል፣ ባልዲው ግን ቀስ ተብሎ ይቀመጥ። ጥላንም ውሃው ላይ አለመጣል ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች በቁም ነገር መወሰድ አለባቸው። አንደኛው ወንዙ ራሱ ነው። ግሬት ፎልስ ላይ ውሃው በአጭር ርቀት 23 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከታቹም ሰው የሚስብ የውስጥ ጅረት አለ። ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ቆይቶ ነው ከተማ የሚደርሰው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ከቤት ሳይወጡ የሊትል ፎልስን የውሃ ከፍታ ማየት ግድ ነው። ሁለተኛው ፒሲቢ የሚባለው የቆየ የፋብሪካ ኬሚካል ነው። ትልልቅና ያረጁ ዓሦች ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። ጤና ቢሮዎች የትኛው ዓሣ ምን ያህል እንደሚበላ በየጊዜው ያወጣሉ። ያንን ሳያዩ ለልጅ ማብላት ጥሩ አይደለም።

ወደ አጋዘኑ ስንመጣ ስሙ ራሱ ይጠየቃል። እኛ አጋዘን የምንለው ቀንዱ የማይረግፍ የአገራችን እንስሳ ነው። የአሜሪካው ነጭ ጅራት ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። በመዝሙረ ዳዊት ውሃ የሚናፍቀው ዋላ ለዚህኛው ይቀርባል። ግን እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ አጋዘን ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

በ1900 አካባቢ አጋዘን በአደን ብዛት ከአሜሪካ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ብቻ እንደቀረ ይገመታል። ሥጋውን መሸጥ ተከለከለ፣ የአደን ወቅት ተወሰነ፣ ተኩላውም ጠፍቶ ነበርና ቁጥሩ አሻቀበ። ዛሬ 30 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። የሰው ጓሮ ገብቶ አበባ ይበላል፣ መኪና ፊት ዘሎ ይገባል።

ስታንድ የሚሉት ማደፈጫ ከእኛ ማማ ጋር ይመሳሰላል። ገጠር ያደገ ሰው ማማን ያውቃል። ማሽላው ሲያሸት ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን እያጮኸ ወፍ ያባርራል። የዚያ ሥራው ጩኸት ነበር፤ የዚህኛው ዝምታ ነው። ማማው ዛፍ ላይ የሚደገፍ መሰላል ወይም በማሰሪያ የሚጠፈር ትንሽ መቀመጫ ሊሆን ይችላል። የሚወጣው ሰው ከመሬት ጀምሮ ሙሉ የደኅንነት ቀበቶ ያስራል፤ ከማማ መውደቅ አዳኞችን ክፉኛ ከሚጎዱት አደጋዎች አንዱ ነውና። የሚለብሰው ደማቅ ብርቱካናማ አጋዘኑን አያስደነግጠውም። ዓይኑ ያንን ቀለም ለይቶ አያይም፤ ሰማያዊን ግን በደንብ ያያል። ጂንስ ሱሪ የሚያጋልጠውን ያህል ብርቱካናማው ሰደርያ አያጋልጥም።

ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ሲገባ ነው። ቀኑን የሚያበላሸው ግን አወጣጡ ነው። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም መተኮሻው ሰዓት የሚያበቃው ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። አጋዘን ደግሞ ለመብላት ብቅ የሚለው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። አዳኙ ብርድ በልቶት ይነሣል፤ ብረቱ ይንኳኳል፣ የቦርሳው ዚፕ ይጮኻል። አንዲት ያረጀች እንስት ቀና ትላለች። በፊት እግሯ መሬቱን ትመታለች፣ በአፍንጫዋ በኃይል ትነፋለች፣ ነጩ ጅራት ይቆማል። መንጋው ሁሉ ይፈረጥጣል። ከዚያ በኋላ ያንን ዛፍ ቀና ብላ ሳታይ አታልፍም፤ ወይም ሌሊት ብቻ ነው የምትመጣው።

ስለዚህ የለመዱ ሰዎች ዕቃቸውን ገና ብርሃን ሳለ ይሰበስባሉ፤ ከዚያ ሳይንቀሳቀሱ ድፍን ጨለማ ይጠብቃሉ። ጠመንጃው ጥይቱ ወጥቶ በገመድ ይወርዳል እንጂ ትከሻ ላይ ሆኖ አይወረድበትም። አጋዘኖቹ ከሥር ከሆኑ ሌላ ዘዴ አለ። ጓደኛ በመኪና ወደ ማሳው ይመጣል። የእርሻ መኪና የለመዱት ነገር ነው፤ ገለል ይላሉ፣ ማማው ግን አይታወቅም። ብቻውን የሆነ ሰው እንደ ጉጉት ድምፅ ያሰማል ወይም ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

መውጫው መንገድ የሚዘጋጀው ወቅቱ ሳይገባ ነው። የደረቀ የኦክ ቅጠል ጥብስ ቆሎ እንደሚቆረጥም ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ በነሐሴ መንገዱ ይጠረጋል፣ የሚጠልፈው ቅርንጫፍ ይቆረጣል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ወደ ፖቶማክ የሚወርድ ትንሽ ጅረት ካለ ነው። በጅረቱ ውስጥ መሄድ ኮቴን ይውጣል፣ የሰው ሽታም መሬት ላይ አይቀርም። የነፋሱ ነገር ግን አብሮ ይታያል። ሲመሽ ቀዝቃዛው አየር ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሽታውንም ይዞት ይሄዳል። አጋዘኖቹ ከታች ጅረቱ ዳር ተኝተው ከሆነ መንገዱ መቀየር አለበት።

አረማመዱም እንደ ሰው ወጥ መሆን የለበትም። ሦስት አራት እርምጃ፣ ከዚያ ቆም፣ ከዚያ ሁለት። ባትሪው ወደ መሬት ይበራል፤ ሌላ አዳኝ እንዲያይ ሲባል ግን አይጠፋም። መኪናው ራቅ ብሎ ይቆማል። በሩም ሳይጠረቀም በእጅ ተገፍቶ ይዘጋል።