ካሊ ሊኑክስ፦ ለደህንነት ፍተሻና ለዲጂታል ምርመራ የተሰናዳ ሲስተም

ካሊ ሊኑክስ የኮምፒውተርንና የኔትወርክን ደህንነት ለመፈተሽ፣ እንዲሁም ለዲጂታል ፎረንሲክ ምርመራ (ከኮምፒውተርና ከዲስክ ማስረጃ ለመፈለግ) የተሰናዳ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። መሠረቱ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው፤ ክፍያ አይጠየቅበትም። ኦፌንሲቭ ሴኪዩሪቲ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ባክትራክ በተባለው የቀድሞ ሲስተም ምትክ አወጣው። ወደ 600 የሚጠጉ መሣሪያዎች ተሰናድተውለታል። ኤንማፕ ክፍት በሮችን (ኮምፒውተር ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝባቸውን ፖርቶች) ይቃኛል፣ ዋየርሻርክ በኔትወርክ ላይ የሚያልፈውን ያሳያል፣ ሜታስፕሎይት ደግሞ የተገኘው ክፍተት በእርግጥ የሚያስገባ መሆኑን ይሞክራል።

እንደ ደብረ ብርሃን ባለ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስሙ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ዋይፋይ ይሰብራል ወይ?» ነው። ኤርክራክ የተባለው መሣሪያ አለው። ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው የይለፍ ቃል በመገመት ስለሆነ፣ ረጅምና ያልተለመደ ቃል ካጋጠመው ይቆማል። የብዙ ላፕቶፖች ዋይፋይ ካርድም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ደግሞ ጨዋታ አይደለም፦ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት ያሳስራል። የራስን ራውተር መፈተሽ ግን ማንም አይከለክልም።

በእኔ እይታ ትልቁ ጥቅሙ ያለው ብዙ በማይወራለት የፎረንሲክ ክፍሉ ነው። ካሊን ከፍላሽ አስነስቶ ፎረንሲክ ሞድን ሲመርጡ፣ ሲስተሙ የኮምፒውተሩን ሃርድ ዲስክ በራሱ አይከፍትም፣ ምንም አይጽፍበትም። የተሰካ ፍላሽም ሳያዙት አይከፈትም። ምክንያቱም አንድ ፋይል መክፈት ብቻ እንኳ የዲስኩን መረጃ ሊቀይር ይችላል።

ይህ ከፖሊስ ምርመራ ውጭም ይጠቅማል። ሸዋ ሮቢት ያለ ፎቶ ቤት የጥር ሰርግ ፎቶ ከሜሞሪ ካርዱ ጠፋበት እንበል። ዋናው ነገር ካርዱ ላይ ሌላ ፎቶ አለማንሳት ነው። የጠፋው ፎቶ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ። መጀመሪያ የካርዱ ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፤ ከዚያ የጠፋ ፋይል የሚፈልጉት ፎቶሬክ ወይም ፎርሞስት ቅጂው ላይ ይሠራሉ። የተገኘው ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ዲስክ) ላይ ግን ተስፋው አናሳ ነው፤ ዲስኩ ራሱ የተሰረዘውን ቶሎ ያጸዳዋል።

ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑ የሚረጋገጠው በሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ በሚሰላ መለያ ቁጥር ነው። አንዲት ፊደል ብትቀየር ቁጥሩ በሙሉ ይለወጣል። ካሊን ራሱን ስንቀበልም ይኸው ይሠራል። ፋይሉ በጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ዳታ ለመቆጠብ ከጓደኛ ፍላሽ መገልበጥ ያለ ነው። እጅ በእጅ የመጣ ቅጂ ግን ሃሹ ከካሊ ድረ ገጽ ጋር ሳይመሳከር ባይነሳ ይሻላል።

ለዕለት ሥራ አይመከርም፤ አዘጋጆቹም ለሊኑክስ ጀማሪ አይሆንም ይላሉ። ለመለማመድ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ በፕሮግራም የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ይበቃል። ከፍላሽ ለሚያስነሳ ሰው አንድ ነገር፦ መረጃ የሚቀመጥበት ክፍል ፍላሹ ላይ ካላዘጋጀ፣ መብራት ሲጠፋ የሠራው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።