በኮሮና እገዳ ወቅት የከተሞች አየር፦ መኪናው ሲቆም ብናኙ ለምን አልጠፋም?

እ.ኤ.አ. በ2020 ከተሞች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ አየሩ በሁሉም ቦታ እኩል አልጠራም። በዋናነት ከመኪና የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ በጥቂት ቀናት አሽቆለቆለ። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ ግን አንዱ ከተማ ውስጥ በእጅጉ ሲወርድ ሌላው ውስጥ ጭራሽ ጨመረ። ደቃቅ ብናኝ ወይም ፒኤም 2.5 የሚባለው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 እንዳያልፍ ይመክራል።

ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ የሚቆየው ለሰዓታት ስለሆነ መኪና ሲቆም ወዲያው ይቀንሳል። ደቃቅ ብናኝ ግን ዝናብ ካላወረደው ለቀናት ይንሳፈፋል፤ በነፋስም መቶ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። ደግሞም ሁሉም ከጭስ ማውጫ እንደወጣ የሚቀር ጥቀርሻ አይደለም፤ በብዙ ከተሞች ከፍተኛ ድርሻ ያለው እዚያው አየር ላይ የሚፈጠረው ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ወደ ናይትሪክ አሲድ ይለወጣል። አሲዱ ከማዳበሪያና ከከብት ፍግ ከሚተነው አሞኒያ ጋር ሲዋሐድ አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ብናኝ ይወልዳል። ቅዝቃዜና እርጥበት ይህን ያግዛሉ።

ይህ ጎልቶ የታየው በቻይና ነው። ዉሃን ጃንዋሪ 23 ቀን 2020 ከተዘጋች በኋላ የሳተላይት መረጃዎች በአገሪቱ ሰማይ ላይ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በጉልህ መቀነሱን አሳዩ። በፌብሩዋሪ ግን ቤጂንግ መንገዶቿ ጭር ብለው ሳለ በከባድ ጭጋግ ተሸፈነች። ነፋሱ ደክሞ፣ እርጥበቱ ከወትሮው በልጦ ነበር፤ የኃይል ማመንጫዎች፣ በዙሪያዋ ያሉ የብረት ፋብሪካዎችና የቤት ማሞቂያዎችም አልቆሙም። በዚህ ላይ የኬሚስትሪው ጣጣ ተጨመረ። ከመኪና የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ሌላ ጋዝ፣ ኦዞን የተባለውን ጋዝ ያጠፋል፤ ናይትሪክ ኦክሳይዱ ሲቀንስ ኦዞን በዛ። የበዛው ኦዞን ደግሞ የተረፈውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ወደ ብናኝ የመለወጡን ሂደት፣ በተለይ በሌሊት፣ አፋጠነው። ስለዚህ የመኪናን ጭስ ብቻ መቀነስ አይበቃም። ከቀለም፣ ከነዳጅና ከማሟሟቻ የሚተኑት ኬሚካሎች፣ የድንጋይ ከሰሉ ሰልፈርና የእርሻው አሞኒያ አብረው መቀነስ አለባቸው።

በተራሮች የታቀፈው የሰሜን ጣሊያን የፖ ሸለቆም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። እርሻው አልተዘጋም፤ ቤት የዋለው ሕዝብም እንጨት ማንደዱን ቀጠለ። በማርች መጨረሻ ከካስፒያን ባሕር አካባቢ የመጣ አቧራ ሲጨመርበት የብናኙ መጠን ጭራሽ ከፍ አለ።

በሕንድ ውጤቱ ሌላ ነበር። ከማርች 25 ጀምሮ ትራፊኩ፣ ግንባታውና አብዛኛው ፋብሪካ ባንድ ጊዜ ቆመ፤ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ስለወረደም የድንጋይ ከሰል ቃጠሎ ቀነሰ። በሰሜን ሕንድ በሳተላይት የተለካው የብናኝ መጠን ለዚያ ወቅት በ20 ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ሆነ፤ በፑንጃብ የጃላንዳር ነዋሪዎች የሂማላያን ተራሮች ከቤታቸው ጣሪያ ላይ አዩ። ይሁንና በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ የሩዝ ገለባ ማቃጠሉ ሲበረታ፣ የዴልሂ አየር ተመልሶ ከአደገኛው ደረጃ ደረሰ።

ልኬቱን ማንበብም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የእገዳውን ሳምንት ከቀደመው ሳምንት ጋር ማወዳደር ያሳስታል፤ የሚነጻጸረው ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንታት ጋር፣ የነፋስ፣ የሙቀትና የዝናብ ልዩነት ታርሞ ነው። የቤታ ጨረር መለኪያ በደቂቃ 16.7 ሊትር አየር እየሳበ ብናኙን በማጣሪያ ጥቅልል ላይ ያስቀራል፤ ክብደቱን የሚያሰላው በማጣሪያው በኩል የሚያልፈው ጨረር በደከመበት ልክ ነው። ርካሾቹ መለኪያዎች ግን ብርሃን ሲበተን አይተው ስለሚገምቱ፣ እርጥበት ሲበዛ ውሃ ጠጥቶ ያበጠውን ብናኝ አጋነው ይቆጥራሉ። ክብደት ብቻውን መርዛማነትን አይነግርም፤ 10 ማይክሮግራም የባሕር ጨውና 10 ማይክሮግራም የፕላስቲክ ጭስ ለሳንባ አንድ አይደሉም።

አዲስ አበባ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋችም። ከኤፕሪል 8 ቀን 2020 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ የትራንስፖርት ጭነት በግማሽ ተቀነሰ እንጂ ማገዶው፣ ከሰሉ፣ የመንገዱ አቧራና የአሮጌ ናፍጣ መኪኖች ጭስ አብረው ቀጠሉ። ከተማዋ ከወረርሽኝ ጋር የተያያዘ የራሷ ጭስም አላት። በ1911 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ በሆነው ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን፣ በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል። ያኔ ያልነበረው ፕላስቲክ አሁን የክምሩ አንድ ክፍል ሆኗል፤ በዝቅተኛ ሙቀት ሲጨስ ጥቀርሻ ያወጣል፣ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ከሆነም ዳዮክሲን የተባለ መርዝ። ጽዳቱ ሳይቀር ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል፦ ፕላስቲክ፣ ጎማና የኤሌክትሪክ ሽቦ ለይቶ ለቆሻሻ ሰብሳቢ መስጠት፣ የደረቀ ቅጠሉን ከማቃጠል ይልቅ ለማዳበሪያ መቅበር። አስም ያለበት ሰው በዚያ ቀን መስኮት ዘግቶ ቤት ቢውል ይሻላል። መውጣት ግድ ከሆነበት በፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን95 ጭምብል ያስፈልገዋል፤ የጨርቁ ጭምብል ደቃቁን ብናኝ በአብዛኛው ያሳልፈዋል።