ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፦ ከአያቴ እንዝርት እስከ ጅማ ድንጋይ

ይቺን አባባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። እድር ላይ ትነገራለች። ደቦ ሲጠራ ትነገራለች። የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይም ተጽፋ አይቻታለሁ። ብዙ ጊዜ የምትተረጎመው “ብዙ ከሆንን እናሸንፋለን” ተብሎ ነው። ለእኔ ይሄ ትርጉም ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። አባባሉ ድር ቢበዛ አላለም። ቢያብር ነው ያለው።

ከቃሉ እንጀምር። ድር ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚታየው የሸረሪት ድር ነው። ልክ ነው፣ ሸረሪትም ድር ታደራለች። ግን ድር የሸማኔም ቃል ነው። ድርና ማግ እንላለን። ድር በቁመት የሚወጠረው ፈትል ነው፤ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ እየተላከ በአግድም የሚገባው። እኔ ይሄኛውን እወዳለሁ፣ ምክንያቱም አያቴ ጥጥ ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግኩት።

አንድ ቀን፣ ልጅ ሆኜ፣ ከእንዝርቷ ላይ ፈትል እየሳብኩ ስበጥስ አገኘችኝ። አልተቆጣችም። “ተው ልጄ፣ እሱ እኮ ገና ለብቻው ነው” አለችኝ። ፈትሉ ሸማኔ ጋ ሄዶ ጋቢ ሆኖ ሲመለስ ጠራችኝና “በል አሁን በጥሰው” አለች። በሁለት እጄ ጎተትኩት። ወይ ፍንክች። ፈትሉ ያው የሷ ፈትል ነው። የተለወጠው እርስ በርስ መያያዙ ነው።

“አበረ” የሚለው ግስ ከግእዙ “ኀበረ” የመጣ ነው። ማኅበርም ኅብረትም ከዚሁ ሥር ናቸው። “ያስር” ደግሞ በተለመደው አነጋገር “ያስራል” ነበር የሚሆነው። ከ“ቢያብር” ጋር እንዲገጥም ጫፉ ተቆርጧል። ከጆሮ የማይወጣውም ለዚህ ነው። አንበሳው ማብራሪያ አይፈልግም፤ በአገራችን የጉልበትም የንጉሥም ምልክት ነው።

አባባሉ በእጄ ላይ የታየኝ ግን በድንጋይ ነው። ከጅማ ከተማ ወደ ጂሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት የወጣ ሰው ቀዩን አፈር ያውቀዋል። ከዝናብ በኋላ ጫማ ላይ ተለጥፎ አልለቅም የሚለው። እዚያ አፈር ውስጥ ክብ ክብ ድንጋይ ተቀብሮ ይገኛል። አንዱን አንስቼ በመዶሻ ፈለጥኩት። ውጩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቡናማ ቅርፊት አለው፤ በጥፍር ይፋቃል። ውስጡ ግን ጥቁር ግራጫ ነው፣ ጥፍርም አይነካው። ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም በፊት እዚህ አካባቢ ፈሶ የረጋ ቅልጥ አለት። ቅርፊቱ ድንጋዩ ወደ አፈር ሲሄድ መንገድ ላይ የተያዘበት ነው።

አንዱ ለምን ይበሰብሳል? ሌላው ለምን ይጸናል? መልሱ ያለው ሲሊኬት የሚባሉት ማዕድናት ውስጥ ነው። የምድር ቅርፊት በክብደት ሦስት አራተኛው ገደማ ኦክስጅንና ሲሊኮን ነው። የሁለቱ ትንሿ ጥምረት እንዲህ ናት፦ ሦስት ጉልቻ አስጠግታችሁ አራተኛ ድንጋይ በላያቸው አስቀምጡ። አራቱ ድንጋዮች ኦክስጅን ናቸው። በመሃላቸው ባለችው ክፍተት የተሸጎጠችው ትንሿ ሲሊኮን ናት። ሲሊኬት ሁሉ ከዚህች ጉልቻ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ ጉልቻዎቹ ስንት ኦክስጅን ይጋራሉ የሚለው ላይ ነው። ይሄን አደረጃጀት በ1920ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በኤክስሬይ ካሳዩት ዋነኛው የፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ሎረንስ ብራግ ነው።

ባዛልት ውስጥ ኦሊቪን የሚባል ማዕድን አለ። እሱ ውስጥ ጉልቻዎቹ ምንም አይጋሩም። እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ፣ በመሃል የገቡት ማግኒዚየምና ብረት ናቸው የሚያገናኟቸው። ኦሊቪን ደካማ እንዳይመስላችሁ። ከ10 በሚለካው የማዕድን ጥንካሬ 6.5 እስከ 7 ያገኛል፣ መስታወት ይጭራል። አረንጓዴ፣ የሚያምር ነው። ግን የጅማ ዓይነት ዝናብና ሙቀት ሲመጣበት ቀድሞ የሚፈርሰው እሱ ነው። ውሃው ማግኒዚየሙንና ብረቱን ሲፈታው ጉልቻው የሚይዘው ጎረቤት የለውም። ብረቱ ይዝጋል፤ የአፈራችን ቅላትም ከእንዲህ ዓይነት ዝገት ነው። ይሄን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። ገና ለብቻው ነው።

ሁለት ሁለት ኦክስጅን ሲጋሩ እንደ ፈትል ሰንሰለት ይሆናሉ፦ ፓይሮክሲን። ሁለት ሰንሰለት ጎን ለጎን ሲጣመር አምፊቦል ይሆናል። አንዳንዱ አምፊቦል ቃል በቃል ድር ነው፤ አስቤስቶስ ሆኖ እንደ ጥጥ ይፈተላል፣ እሳትም አይበላውም። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ካንሰር ስለሚያመጣ ግን ብዙ አገሮች ከልክለውታል። ክብ ሠርተው የሚያያዙም አሉ። የሻኪሶ ኤመራልድ ከነዚህ ወገን ነው።

ሦስት ሦስት ሲጋሩ ነገሩ ጨርቅ ይሆናል፣ ልክ እንደ ጋቢው። ማይካን አይታችሁ ይሆናል፤ ለግንባታ የሚመጣ አሸዋ ውስጥ ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ የሚለው። አንዷን ቅንጣት በመርፌ ጫፍ ብትነኩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ትላጣለች። እያንዳንዱ ገጽ በራሱ ጠንካራ ነው። ገጽ ከገጽ ጋር ያለው ትስስር ግን ላላ ያለ ነው። አባባሉን የሚፈትነው ይሄ ወገን ይመስለኛል፦ በየገጹ አብረዋል፣ ገጽ ለገጽ ግን አላበሩም። ታልክ የዚሁ ዘመድ ነው፤ ጥንካሬው 1 ብቻ ነው፣ ከሁሉም የመጨረሻው። መረሬ መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰውም ይሄን ድካም በግድግዳው ያውቀዋል። የመረሬ ሸክላ በገጾቹ መሃል ውሃ እያስገባ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸበሸባል። የእኛ ቤት የጓሮ ግድግዳ ስንጥቅ በየዓመቱ ሰፍቶ በመጨረሻ ጣቴን አስገባ።

አራቱንም ኦክስጅን የተጋሩት ኳርትዝና ፌልድስፓር ናቸው። ኳርትዝ ጥንካሬው 7 ነው፤ ከኦሊቪን ብዙም አይበልጥም። ግን የሚላጥበት ገጽ፣ የሚፈታበት ስፌት የለውም። ሌላው ሁሉ አፈር ሲሆን እሱ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። በ1938፣ ያው በአውሮፓውያኑ፣ የሥነ ምድር ተመራማሪው ሳሙኤል ጎልዲች የማዕድናትን የመበስበስ ቅደም ተከተል ሲያወጣ ከፊት ኦሊቪን፣ ከኋላ ኳርትዝ ነበር። ፌልድስፓር መሃል ላይ ቀረ። አራቱንም ይጋራል፣ ግን አንዳንዱ ሲሊኮን ቦታውን ለአሉሚኒየም ለቋል፤ ያን ለማመጣጠን ፖታሲየም፣ ሶዲየም ወይም ካልሲየም ያስገባል። ዝናቡ እነዚህን ለቅሞ ሲያወጣቸው ፌልድስፓሩ ካኦሊን ወደሚባለው ሸክላ ይለወጣል። ቀዩ አፈራችን ውስጥ ብዙው ሸክላ ይሄ ነው።

ይሄን ሸክላ ገበያ ላይ ጀበና ከምትሸጥ እናት ጋ በቅርብ አየሁት። ጭቃውን በእጇ ስትጨምቀው ገጹ ከገጽ ላይ ይንሸራተታል፣ የፈለገችውን ቅርጽ የሚይዝላትም ለዚያ ነው። በዚያን ሰዓት ዝናብ ቢመታው ተመልሶ ጭቃ ነው። እሳት ውስጥ ሲገባ፣ ሙቀቱ 500 ዲግሪ አልፎ 600ን ሲጠጋ፣ በገጾቹ ውስጥ የታሰረው ውሃ ይወጣል። ገጾቹም ፈርሰው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ከዚያ በኋላ ውሃ አይፈታውም። እናትየዋ የተተኮሰውን ጀበና በጣቷ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። “ይሄ ይዟል፣ ውሰደው” አለችኝ።