ጅማ ላይ ፐብሊክ ሌክቸርና የጨዋ ክርክር

ጅማ ፖለቲካ የሚወራበት ቦታ ቸግሯት አያውቅም። ጠዋት ጀበና ዙሪያ ይወራል። ከሰዓት በርጫ ላይ ይወራል፤ ምርቃናው ሲመጣማ አገር ተበትና ትገጣጠማለች። ግን አብረው የሚቅሙ ሰዎች ባብዛኛው በሐሳብ የተግባቡ ናቸው። ከማይስማማው ሰው ጋር ለጫት የሚያዋጣ የለም። ፐብሊክ ሌክቸር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በሩ ክፍት ስለሆነ ከማን ጎን እንደምትቀመጥ አታውቅም።

አሠራሩ የታወቀ ነው። አንድ ባለሙያ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫ ወይም ስለ ታሪክ ገለጻ ያቀርባል። ከዚያ አወያዩ መድረኩን ለጥያቄ ይከፍታል። ለዚህ ቅርቡ ተቋም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ተዋህደው የተፈጠረ ነው። መለያው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው። ተማሪዎች በቡድን ወደ ቀበሌ ይወጣሉ፣ ቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባሉ፣ ያገኙትን ችግር ከነዋሪው ጋር ይመክሩበታል። ሌክቸር የዚህ ግልባጭ ነው፤ አሁን መንገድ የሚመታው ነዋሪው ነው። ለኔ ደካማ ጎኑም ይኸው ነው። ሲመሽ ሱቁን የሚዘጋ የጅማ መርካቶ ነጋዴ የግቢ ጥበቃ አልፎ አዳራሽ ፍለጋ አይዞርም። ከተማው መሃል ያለ አዳራሽ ይሻላል።

በሕግ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ፣ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብ መብት ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። «ማሳወቅ» እና «ማስፈቀድ» በተግባር ምን ያህል እንደሚቀላቀሉ የሞከረ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ መድረክ ለሚያዘጋጁ ማኅበራት ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። በአዋጅ 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውጭ አገር የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብት ሥራ መሰማራት አይችልም ነበር። አዋጅ 1113/2011 ይህን አነሳ። በዓመቱ የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012፣ በበኩሉ ተናጋሪውን አፉን እንዲመዝን አድርጎታል።

ዋናው ነገር ያለው ግን ከጥያቄው ሰዓት ነው። ጥያቄ በዙር ይሰበሰባል፤ አራት አምስት ሰው ይናገራል፣ ከዚያ አቅራቢው ባንድ ላይ ይመልሳል። ለሰዓት ይመቻል፣ ለክርክር ግን አይመችም። ከባዱ ጥያቄ ከቀላሎቹ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። ማይኩን ይዞ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ሩብ ሰዓት የሚፈጀው ሰውም አይጠፋም። ጎበዝ አወያይ እሱን ሳያስቀይም ያስቀምጠዋል። በሽምግልና እንደሚደረገው የተናገረውን ባጭሩ ይደግምለታል፤ ሰው መሰማቱን ካወቀ ማይክ መልቀቅ አይከብደውም።

ቋንቋም አለ። ጅማ ውስጥ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ባንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀላቀሉ መስማት ብርቅ አይደለም። አዳራሽ ውስጥ ግን አንዱን መምረጥ አቋም መያዝ ይመስላል። ስለዚህ ጠያቂው በሚቀናው ቋንቋ ይጠይቅ፣ አወያዩ ያስተርጉም የሚለው ያዋጣል። መናገር የሚፈራ ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይልካል። ወረቀቷ ከእጅ እጅ እየተቀባበለች፣ ሃይላንድ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ትደርሳለች። ስም የለባትም። ብዙ ጊዜ የምሽቱ ምርጥ ጥያቄ እሷ ላይ ነው።