ከስትሮክ በኋላ የፋርማሲስት ድጋፍ ምንድን ነው?

«ስልክ ላይ አላርም መሙላት እያለ ለክኒን ፋርማሲስት ምን ያደርጋል?» ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ስትሮክ ሲያወራ እንዲህ አለ። አባባሉ አዲስ አይደለም፤ በተለያየ መልኩ ስሰማው ኖሬያለሁ። አሁንስ በዛ።

አላርም የሚጠቅመው ለረሳ ሰው ነው። የሚረሳ አለ፤ ስትሮክ ራሱ የማስታወስ ችሎታን ይጎዳል። ብዙ ሰው ግን መድኃኒቱን የሚያቆመው ረስቶ ሳይሆን ወስኖ ነው። ውሳኔው ደግሞ ምክንያት አለው። የፋርማሲስት ድጋፍ ማለት ያንን ምክንያት ፈልጎ ማግኘትና መፍታት ነው።

«ታካሚው ግድ የለውም» የሚል ፍርድም ያናድደኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ባደጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕክምናን በአግባቡ የሚከታተለው ታካሚ በአማካይ 50 በመቶ ነው። ግማሹ ሰው ግድየለሽ ነው እንዴ?

ደጋግሜ የምሰማው ምክንያት «ተሽሎኛል» የሚለው ነው። እጄ ተፍታታ፣ አንደበቴ ተመለሰ፣ ግፊቴም ወረደ፤ ታዲያ ምን ያስውጠኛል? ይህ ሌባ አልመጣም ብሎ ዘበኛ እንደ ማሰናበት ነው። ሌባው የቀረው እኮ ዘበኛው ስለቆመ ነው! ዘበኞቹም የተለያየ በር ነው የሚጠብቁት። አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ፕላትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ተጣብቀው የደም ጓል እንዳይሠሩ ይከላከላል። አምሎዲፒን ግፊቱን ይይዛል። አቶርቫስታቲን ኮሌስትሮሉን። አንዱ አለ ተብሎ ሌላው አይሰናበትም። ፈረቃቸውም ይለያያል። ክሎፒዶግሬል አንዴ የያዘውን ፕላትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ አይለቀውም፤ ይህም ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ደም እንዳይረጋ የሚታዘዘው የአፒክሳባን ፈረቃ ግን አጭር ነው፤ በቀን ሁለቴ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ስለዚህ «አንድ ቀን ብዘል ምን ይመጣል?» ላለኝ ሰው መልሴ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ታካሚ መድኃኒቶቻቸውን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ጠረጴዛው ላይ እዘረግፈዋለሁ። አቶርቫስታቲኑ ሊያልቅ ነው፤ ከግፊት መድኃኒቱ ከኢናላፕሪሉ የጎደለው ግን ጥቂት ፍሬ ብቻ ነው። «ለምን አልወሰዱም?» ብዬ አላፋጥጥም። «ይሄኛው ምን አደረገዎት?» እላለሁ። «ሌሊት ሌሊት ያስለኛል» ይላሉ። ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ እንደ ሎሳርታን ባለ ሌላ መድኃኒት መቀየር ይቻላል። አላርም ቢጮህ ይህን ሳል ምን ይፈይድለታል?

አንድ እጁ የማይታዘዝለት ሰው ክኒኑን ከማሸጊያው ፈልቅቆ ማውጣት ያቅተዋል። መዋጥ ያስቸገረው ደግሞ አለ፤ ቤተሰብም ክኒኑን ይፈጭለታል። እባካችሁ፣ ከመፍጨታችሁ በፊት ጠይቁ። ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራ የግፊት ክኒን ሲፈጭ መድኃኒቱ ባንዴ ይለቀቅና ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚታዘዘው የዳቢጋትራን እንክብል ተከፍቶ ውስጡ ያለው ብቻ ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይጨምራል፤ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። ለራስ ምታት ተብሎ የሚወሰድ አይቡፕሮፌንም የአስፕሪንን ሥራ ሊያደናቅፍ ይችላል።

ደግሞም በአግባቡ መውሰድ ማለት ሁሉንም ለዘላለም መዋጥ አይደለም። በደም መርጋት ከመጣ ቀላል ስትሮክ በኋላ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አንድ ላይ ብዙ ጊዜ ለ21 ቀን ያህል ይታዘዛሉ፤ ከዚያ አንዱ ይቆምና ሌላው ይቀጥላል። ሐኪሙ ሳያዘው ሁለቱንም ለዓመት ሲውጥ የከረመ ሰው አንድም ቀን አልዘለለም፤ ግን የመድማት አደጋው ጨምሯል። ስለዚህ የትኛው መቼ እንደሚቆም ፋርማሲስቱ ከሐኪሙ አረጋግጦ ቀኑን ማሸጊያው ላይ በጉልህ ይጽፋል፤ ለአስታማሚውም ይነግራል።